አባፎጊ ጥያቄ አላቸው

ወንበር በረድፍ ተደርድሮ ፊት ለፊቱ አንድ ጠረጴዛ ከተቀመጠ፣ ያ ሰው የግድ ይኖራል። አገሩ የትም ይሁን፣ ጉዳዩ ምንም ይሁን። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ተሰብሳቢው ያወለቀውን ጫማ በእግሩ ሲፈልግ፣ የምሳው ሽታ ከጓዳ ብቅ ሲል፣ ልክ በዚያች ደቂቃ እጁን የሚያወጣ ሰው አለ። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ ስብሰባ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው።

የሚዛን ተፈሪው አባፎጊ ይባላሉ። አባታቸው ከጅማ አካባቢ ንግድ ይዘው የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ገመድ፣ ሸራ፣ ለቡና ማስጫ የሚሆን ሽቦ ወንፊትና የዓሣ መረብ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ ድምፃቸው ማይክ የማያሻው ሰው። ስብሰባ ሲገቡ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸውን ሲያወጡ ከነእስክሪብቷቸው ነው። ዕድል እስኪሰጣቸው አያወርዱትም፤ ሲደክማቸው በሌላው እጃቸው ክርናቸውን ይደግፉታል እንጂ። ዕድሉ ሲሰጣቸው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀምራሉ።

«አጭር ናት» ይላሉ። «አጭር ናት፤ ብቻ ሦስት ቦታ ትከፈላለች።»

ክቡር ጠያቂያችን የመጨረሻ ልጃቸው ጨርሳ ከወጣች ሰባት ዓመት ባለፋት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተው ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር ጠይቀዋል። በክትባት ዘመቻ ቀን እጅጌያቸውን ሰብስበው ከተቀመጡ በኋላ፣ መድኃኒቱ ከተነሣበት ከተማ እዚህ እስኪደርስ በረዶው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ሳይነገራቸው አልወጋም ብለው ሰልፉን ግማሽ ሰዓት አቁመዋል። አንድ ጊዜ ስለ ቡና ጥራት በተጠራ ስብሰባ መብራት ጠፋ፤ ሰዉ በጨለማው ተንፈራጦ ሻዩን ጠጣ፤ መብራቱ ሲመለስ አባፎጊ እንደቆሙ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነበሩ። ይህን ሁሉ ግን የወንድማቸው ልጅ ሽምግልና ይበልጠዋል። ከሙሽራው ወገን ሽማግሌ ሆነው ሄዱ፤ ሙሽራውም እንደ ወጉ ሳይሆን አብሮ ገብቶ ነበር። የሴቷ አባት «ሰጥተናችኋል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አባፎጊ ተነሡና ሙሽራውን፣ የራሳቸውን ሙሽራ፣ ሚስቱን የት ሊያኖራት እንዳሰበ ጠየቁት። ልጁ ተንተባተበ። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ሌላ ቀጠሮ ተይዞላቸው ተመለሱ። ልጁ በዚያች ሳምንት ቤት ተከራየ። እርግጥ እስከ ዛሬ ሲያገኛቸው በሌላ መንገድ ይታጠፋል።

በከተማው ውስጥ ከእሳቸው አብዝታ የተሸሸገች ሰው ብትኖር የዓለምዘርፍ ናት። የዓለምዘርፍ በዞኑ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ስትሆን፣ እናትና አባቷ ከሰሜን በመምህርነት መጥተው እዚሁ አጠገባችን አማን ላይ የቀሩ ናቸው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ ገና የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ እንኳ ሳይሰጣት፣ ስለ ወንዞቻችን ዓሣ ገለጻ አቀረበች። አርባ ገጽ በግድግዳው ላይ አሳየች። አባፎጊ እጃቸውን አወጡና ያ የመጨረሻው ሥዕል ላይ ያለው ትልቁ ዓሣ በስንት ዓመቱ እንቁላል እንደሚይዝ ጠየቋት። አታውቅም ነበር። «በሚቀጥለው ጊዜ እመልሳለሁ» አለች። መልሱን በማግሥቱ ከመጽሐፍ አገኘችው፤ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ ልትነግራቸው ግን እልኳ አልፈቀደላትም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ስብሰባ፣ ጉዳዩ የዶሮ እርባታም ቢሆን፣ «የዚያን ቀኗ መልስ እንዳትረሳ» እያሉ አምስት ዓመት አስታወሷት።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አኮቦ የሚባለው ወንዝ ከእኛ ተራሮች ውሃውን ይዞ ይወርድና በእኛና በደቡብ ሱዳን መካከል ድንበር ሆኖ ይሄዳል። ዓሣው ግን ድንበር አያውቅም። በበጋ ታች ረግረጉ ውስጥ ይከርማል፤ ውሃው ሲሞላ ሽቅብ ወጥቶ በጎርፍ በተሸፈነው ሣር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ ውሃው ሲጎድል ከነጫጩቶቹ ይመለሳል። ሽቅብ ሲወጣ የእኛ ሰዎች ያጠምዱታል፤ ሲመለስ የእነሱ። አንዱ ከአግባብ በላይ ካጠመደ ሌላው ጦሙን ያድራል። ይህ ስለታወቀ ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱ ወገኖች አንድ ወረቀት ተስማምተው ነበር፤ ከሰኔ አንድ እስከ ነሐሴ ሠላሳ፣ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ፣ ማንም መረብ አይጥልም የሚል።

ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ያበላሸው ዝናቡ ነው። ካቻምና ዝናቡ ዘግይቶ ውሃው የሞላው ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ ነበር፤ ዓሣው በነሐሴ ማብቂያ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ክልከላው ተነሣ። አምና ደግሞ ሚያዝያ ሳያልቅ ጎረፈ። እንቁላል የያዘው ዓሣ በግንቦት ወጣ፤ ክልከላው ገና አልገባምና የእኛ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ፣ በሆዱ እንዳለ፣ በታንኳ በታንኳ አወጡት። ታች ያሉት ሲጠብቁ ሲጠብቁ የሚመለስ ዓሣ አጡ። በሐምሌ ቸግሯቸው መረባቸውን ይዘው ወደ እኛ ዘንድ ወጡ፤ ያኔ ክልከላው ገብቶ ስለነበር የእኛ ጠባቂዎች አራት ታንኳ ቀምተው ሰባት ሰው አሠሩ፤ ሰዎቹ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጡ። የዚያ ወገን ጠባቂዎችም በሳምንቱ የእኛን ስድስት ታንኳ ወሰዱ። ወንዙ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ደግነቱ ውሃ ነው የመታው። ወንዙ ዳር ባለችው በዲማ ገበያ መዳፍ የሚሞላ ዓሣ ጠፋ።

እንግዲህ ወረቀቱን ለማደስ በየካቲት ወር ሚዛን ላይ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ሦስት ቀን ነው። ካልተስማሙ በሚቀጥለው ክረምት ሁለቱም ወገን ጠባቂውን በእጥፍ ሊያሰማራ እንደተዘጋጀ ይወራ ነበር። አዲሱን ረቂቅ ያዘጋጀችው የዓለምዘርፍ ናት። በረቂቁ ውስጥ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ታንኳ ምዝገባ አሥራ አንድ ገጽ ተጽፏል። ቀኖቹ ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ከሰኔ አንድ እስከ ነሐሴ ሠላሳ። ቀኖቹ የማይሠሩ መሆናቸውን ታውቃለች። አንድ ቀን ለኃላፊዋ ለአቶ በላይነህ በፈራ ተባ አንሥታው ነበር። አቶ በላይነህ መጀመሪያ ይፈረም፣ ከዚያ ይታያል፤ ቀኑን ከነካካነው ሁሉም ነገር እንደገና ይከፈታል አሏት። ረቂቋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፏ ተረበሸ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ የጻፈችውን እያነበበች እንደገና ትጽፋለች፤ ለሚደውል ሁሉ «ቆይ ቆይ» ትላለች።

አቶ በላይነህም ጭንቀት ነበረባቸው፤ የእሳቸው ግን ስም ነበረው። አባፎጊ ይባላል። ወደ ስብሰባው እንዳይገቡ አሉ። ችግሩ ግን፤ የዓሣና የመረብ ነጋዴዎች አንድ ተወካይ መላክ አለባቸው፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ አባፎጊን በሙሉ ድምፅ መርጠዋል። የመረጧቸው እዚያ ከተናገሩ እዚህ ዝም ይሉልናል ብለው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የዓለምዘርፍ ያን ጊዜ ያደረገችውን እስካሁን ስታስበው ፊቷ ይቀላል። ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል። የአባፎጊን ደብዳቤ ብቻ ለይታ እንደገና ጻፈችውና «ረቡዕ» አለችው። ራሷ ወስዳ ሰጠቻቸው። አባፎጊ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው አነበቡት። ቀና ብለው አዩዋትና አመሰገኗት። ምንም አልጠየቋትም። ከሱቁ ስትወጣ እሱ ራሱ ሳይከነክናት አልቀረም።

ማክሰኞ እንደ ቅቤ ሄደ። ስድሳ ሰው ገባ። ከወንዙ ማዶ አሥራ አራት ሰዎች ሁለት ቀን ተጉዘው መጥተው ነበር፤ ከእነሱ መካከል ታላቁ አቶ ኡጁሉ የሚባሉ ሽማግሌ አስጋሪ ናቸው። አምና ታስረው አሥራ አንድ ቀን ከተቀመጡት ሰባት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ይህን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አላነሣውም። አቶ በላይነህ ገጹን እያነበቡ አስተርጓሚው ወደ አኙዋክኛ ሲመልስ፣ በየገጹ መጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ሲሉ፣ ዝም ሲባል፣ ገጽ ሲገለጥ፣ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቀድሞ አለቀ። አቶ በላይነህ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ስብሰባ በሥራ ዘመናቸው አላየሁም ብለው እጃቸውን አሻሹ።

የዓለምዘርፍ ግን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አቅቷት ስትነሣ ስትቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ለውሃ፣ አንድ ጊዜ ለወረቀት፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን ለመክፈት፣ አንድ ጊዜ ለመዝጋት። አቶ ኡጁሉ የተሰጣቸውን ረቂቅ ለሁለት አጠፉት፤ ቆይተው ለአራት፤ ከሰዓት በኋላ ስታያቸው የክብሪት ቀፎ አክሎ በጣታቸው መካከል ነበር። አንድም ጊዜ አልተናገሩም። ይህ ሰው አልተስማማም፤ ተስፋ ቆርጧል እንጂ፣ አለች በልቧ። አዳራሹ ውስጥ የተንሰራፋውን ጸጥታ ስምምነት ነው ብላ ልትቀበለው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ያለችውን ባዶ ወንበር ደጋግማ እንዳየች ያስተዋለችው ማታ ቤቷ ስትገባ ነው።

ረቡዕ የፊርማው ቀን ነበር፤ ሐሙስ ለስንብት የተተወ ነው። የዓለምዘርፍ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ አዳራሹን ልታስከፍት ስትመጣ አባፎጊ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ነጭ ቆባቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ረቂቁን እንድትሰጣቸው ለመኗት። ልትከለክል አልቻለችም። ወስደው ጥጋቸው ላይ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ሰው ሲገባ፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እንግዶች ሲቀመጡ፣ የመክፈቻ ንግግር ሲደረግ፣ እሳቸው አንገታቸውን አላቀኑም። በእስክሪብቷቸው ከመስመር መስመር ይወርዳሉ። የዓለምዘርፍ በዓይኗ ገጹን ትቆጥርላቸዋለች። አራት። ሰባት። ምናልባት ሳይጨርሱ ይፈረም ይሆናል ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ ምኞቷ አስፈራት።

አቶ በላይነህ የፊርማውን መዝገብ ገልጠው፣ እስክሪብቶ ለእንግዳው ልዑክ መሪ አቀብለው፣ እንደ ወጉ «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» አሉ።

እጁ ወጣ።

አቶ በላይነህ ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ወደ የዓለምዘርፍ አዩ፤ ማይኩ በእሷ እጅ ነበር። ማይኩን ይዛ በዙሪያ፣ በኋለኛው ረድፍ ዞራ ልትሄድ ትችላለች፤ እስክትደርስም ፊርማው ሊያልቅ ይችላል። ከተማው ውስጥ ማይክ የሚያዞር ሁሉ በአባፎጊ ጊዜ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። እሷ ግን መካከለኛውን መተላለፊያ ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችም።

«አጭር ናት» አሉ አባፎጊ። «ሦስት ቦታ ትከፈላለች። አንደኛ፤ ሰኔ አንድን ማን ነው የመረጠው?»

አቶ በላይነህ ጥናት ነው አሉ።

አባፎጊ ጥናቱ መልካም መሆኑን አልካዱም። እሳቸው ያልተማሩ የገመድ ነጋዴ መሆናቸውን፣ ነገር ግን ውሃው መደፍረስ ሲጀምር አስጋሪ ሁሉ መረቡን ሊጠግን ወደ ሱቃቸው እንደሚመጣ፣ ስለዚህ ወንዙን ሚዛን ተቀምጠው እንደሚያዩት ተናገሩ። ወጣት ሳሉ አስጋሪዎቹ የሚመጡት በሰኔ መግቢያ፣ ቀኑን ሳያዛንፉ ነበር። ካቻምና የመጡት በሐምሌ አጋማሽ ነው። አምና ግን ሚያዝያ ሳያልቅ በሩን አንኳኩተው ከቁርስ አስነሡኝ አሉ። ወንዙ ቀኑን ቀይሯል፤ ወረቀቱ አልቀየረም። ዓሣው በየትኛው ነው የሚሄደው?

አስተርጓሚው ይህን ወደ አኙዋክኛ ሲመልስ አቶ ኡጁሉ ቀና አሉ። እንደገና እንዲነገራቸው ጠየቁ። እንደገና ተነገራቸው። የክብሪት ቀፎ ያከለችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ወደ ፊት አዘነበለ።

«እኔ የታሠርኩት በዚህ ነው» አሉ። «ዓሣው አልፎ አልቆ ነበር። ጠባቂዎቻችሁ የሚጠብቁት ባዶ ውሃ ነበር። እኔም መረቤን የጣልኩት ባዶ ውሃ ላይ ነበር። ባዶ ውሃ ላይ ተጣላን።»

አቶ በላይነህ መዝገቡን በዝግታ ዘጉት።

አባፎጊ ግን ገና አንደኛው ላይ ነበሩ። ሁለተኛውን ያቀረቡት በቀጥታ ለሽማግሌው ነው። ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ተራራ ላይ ነው፤ ውሃው እናንተ ጋ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል አሏቸው። አቶ ኡጁሉ በጣታቸው አስበው ዘጠኝ ቀን ወይም አሥር ቀን አሉ። «እንግዲያው» አሉ አባፎጊ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «እኛ ውሃው መምጣቱን በዘጠኝ ቀን ቀድመን እናውቃለን። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ስልክ የሚደውል ሰው እንዴት ከሁለት አገር ጠፋ?»

የዓለምዘርፍ ያን ጊዜ ሳታስበው ተናገረች። የዲማ ድልድይ ምሰሶ ላይ ምልክት መቀባት እንደሚቻል፣ ውሃው ምልክቱን ሲነካ ክልከላው እኛ ዘንድ እንደሚጀምር፣ በዚያው ቀን ለማዶ እንደሚደወል፣ እነሱም ውሃው ሲደርስላቸው መረባቸውን እንደሚያነሡ፣ ማንሣቱም በቀን ሳይሆን ውሃው ከምልክቱ በታች ሲወርድ እንደሚሆን አስረዳች። አንድ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ሲዞር የነበረ ነገር ነው፤ ስትናገረው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አቶ በላይነህ ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም የሚል ዓይን ሰጧት፤ መልሱ ትዝ ሲላቸው ዓይናቸውን መለሱ።

«ሦስተኛዋን ብንተዋትስ» አሉ አቶ በላይነህ ልመና በሚመስል ድምፅ።

አባፎጊ እስክሪብቷቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በፊት ሳይጨርሱ ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው የለም።

የማዶ ሰዎች ማክሰኞ ንባቡ ሲያልቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስሞታ አቅርበው ነበር፤ ጫጩት እንኳ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ከኢትዮጵያ ወገን እየገባ ወንዙን እየጨረሰ ነው የሚል። የእኛ ሰዎች እንዲህ ያለ መረብ እንደማያውቁ መልሰው ነበር፤ በቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ተጽፎ ነበር። አባፎጊ ከረቂቁ ጋር ተያይዞ የነበረውን ቃለ ጉባኤም አንብበውታል።

«ሦስተኛዋ እኔን ነው የምትጠይቀው» አሉ። «ያ መረብ ከሱቄ ነው የሚወጣው። አራት ዓመት ሸጫለሁ። በሕግ ስንት ጣት የሚያሳልፍ መረብ እንደሚፈቀድ በየስብሰባው ጠይቄያለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። መልስ አለማግኘቴ ግን እንዳልሸጥ አልከለከለኝም ነበር። ዛሬ ቁጥሩን ሁለታችሁም ጻፉልኝ፤ ነገ ከመደርደሪያዬ አወርዳለሁ።»

የዓለምዘርፍ ይህን ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ሲሉ ልብ ብላ አየች። ወንበራቸውን በእጃቸው ዳሰው፣ እንደ ደከመ ሰው ነው የተቀመጡት። ከነጋዴዎቹ ጥቂቶቹ በስጨት ብለው ወጡ። አቶ ኡጁሉ ደግሞ ከቦታቸው ተነሥተው፣ መተላለፊያውን በዝግታ ተራምደው፣ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ አይታወቅም። ሁለቱ ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ሲለካኩ ታዩ።

ረቡዕ ሳይፈረም መሸ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ረቂቁ ተቀደደ፣ ተጻፈ፣ ተተረጎመ፣ እንደገና ተጻፈ። ሰዉ ተቆጣ፣ ጮኸ፣ ሳቀ፣ ምሳውን ቆሞ በላ። የዓለምዘርፍ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ልቧ አርፎ አያውቅም። ሦስት ጣት የማያሳልፍ መረብ በሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ፣ ክልከላው በቀን ሳይሆን በውሃው እንዲሆን፣ ታንኳ የተቀማ ሁሉ እንዲመለስለት ተስማሙ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተፈረመ። አቶ በላይነህ ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት «በተሳታፊዎች ንቁ ተሳትፎ» የሚል ሐረግ አገቡ። ከዚያ የበለጠ ለማለት እጃቸው አልሄደላቸውም መሰለኝ።

ክረምቱ እንዴት ሆነ? ዝናቡ በዚያም ዓመት ቀኑን አልጠበቀም። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ከዲማ ተደወለላት፤ ውሃው ምሰሶው ላይ የተቀባውን ቀይ ምልክት ነክቷል። የዓለምዘርፍ በዚያች ሰዓት ለማዶ ደወለች። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው አስተርጓሚው ሰማት። በዘጠነኛው ቀን የማዶዎቹም መረቦች ተነሡ። በእኛ ወገን ሁለት ሰዎች ደብቀው ሲያጠምዱ ተያዙ፤ መረባቸው ተወስዶ፣ ተሰድበው፣ ተለቀቁ። ማንም አልታሠረም። በመስከረም ማብቂያ ውሃው ሲጎድል ዓሣው ከነጫጩቶቹ ወረደ። ብዙ ነበር ለማለት ገና ነው፤ አቶ ኡጁሉ ግን በአስተርጓሚው በኩል ሲደውሉ የልጅ ልጃቸውን ክንድ የሚያህል ዓሣ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዳዩ ነገሯት። በመጨረሻም ያ የሚጠይቀው ሰውዬ ደኅና ነው ወይ አሉ። የዓለምዘርፍ ደኅና ናቸው ለማለት እንደማታውቅ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ከፊርማው ቀን ወዲህ ሱቃቸውን አልረገጠችም። ያቺን ደብዳቤ ሳታነሣ እንዴት ትገባለች?

በጥቅምት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሄደች።

የመረቡ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር። ጥቅጥቁን መረብ አባፎጊ ቆርጠው የቡና ችግኝ ከዶሮ ለሚከላከሉ ገበሬዎች አከፋፍለውታል። አስጋሪዎቹ ሌላ ነጋዴ ፍለጋ ስለሄዱ ሱቁ ጭር ብሏል። ባለቤታቸው ሀጂራ በር ላይ ተቀምጠው ሸራ ይሰፋሉ። የዓለምዘርፍ ሰላም ብላ፣ በርጩማ ተሰጥቷት፣ ብዙ ሳትዞር ነገረቻቸው። ስብሰባው ማክሰኞ እንደነበር፣ ደብዳቤያቸውን ሆን ብላ እንደቀየረችው፣ ይቅር እንዲሏት። ሀጂራ መርፌያቸውን አቆሙ።

«አውቄ ነበር» አሉ አባፎጊ።

«እንዴት?»

«ማክሰኞ ጠዋት የእንግዶቹ መኪኖች በዚህ በሱቄ ፊት ነው ያለፉት። ደብዳቤሽንም ሳነብ እጅሽን የት እንደምታደርጊው ሲጠፋሽ አይቼ ነበር።»

ታዲያ ለምን አልመጡም አለቻቸው።

አባፎጊ አንድ የገመድ ጥቅል አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጫፉን መፈለግ ጀመሩ። ጫፉን ሲያገኙም አልፈቱትም።

«ስድሳ ሰው ነው የገባው» አሉ። «የተማረው አለ፣ አስጋሪው አለ፣ ያሠረው አለ፣ የታሠረው አለ። ቀኑ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ከስድሳው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዛሬስ ሌላ ሰው ይጠይቅ ብዬ ነው ቤቴ የዋልኩት። ማታ ሀጂራን ወጥታ እንድታጣራ ላክኋት። ማንም አልጠየቀም ብላ መጣች።» ገመዱን ወደ መደርደሪያው መለሱት። «እኔ መናገር የምወድ ይመስላችኋል። ልቤ ይመታል እኮ፣ ልጄ። እጄን ስደግፈው አይተሻል? ስለሚንቀጠቀጥ ነው።»

ሀጂራ ሸራቸውን እየሰፉ፣ ባላቸው ስብሰባ ባለበት ዋዜማ እህል እንደማይቀምሱ ነገሯት።

የዓለምዘርፍ ከስድሳው አንዷ እሷ እንደነበረች ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ያ ትልቁ ዓሣ በአራት ዓመቱ እንቁላል እንደሚይዝ ነገረቻቸው። አባፎጊ አራት ዓመት ብዙ መሆኑን፣ ከተበላሸ ለመጠገንም ያንኑ ያህል እንደሚፈጅ ተናገሩ። ከዚያ በሚቀጥለው የካቲት ስብሰባው ማዶ እንደሚሆን ሰምተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሰምተዋል። ይሄዳሉ ወይ? ይሄዳሉ።

«ግን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ማዳመጥ አምሮኛል» አሉ። «ዘንድሮ አንቺ ጠይቂ።»

እሺ አለች። እሺ ማለቷን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። መናኸሪያው ጋ ባጃጅ ይዛ ወደ አማን ስትሄድ መንገዱ ገና እርጥብ ነበር፤ ሹፌሩ ስለ አየሩ ሊያጫውታት ሞክሮ መልስ አጣ። የምትጠይቀውን እየፈለገች ነበር። መጀመሪያ ምንም የለኝም ብላ ደነገጠች። የከተማውን ድልድይ ሲሻገሩ አንድ መጣላት። አማን ስትወርድ አራት ነበሩ፤ ከአራቱ የትኛውን እንደምትተው ግራ ገብቷት ሒሳቡን ሳትከፍል ልትሄድ ስትል ሹፌሩ ከኋላዋ ጠራት።